ለሞተረኛ ዓይን ጥላ እናብጅ

ሞተረኛ ወንድሞችና እህቶች፤ ሞተረኛ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ድርጅቶች፤ መነጽር የምትሸጡ፣ ዓይን የምታክሙ፣ መንገድ የምትቆጣጠሩ ሁሉ፤ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

በከተሞቻችን ምሳ ከምግብ ቤት ቢሮ ድረስ የሚያደርሰው፣ ሰነድና ዕቃ የሚያመላልሰው፣ አውቶቡስ ከማይገባበት ቀበሌ በሽተኛ ይዞ ጤና ጣቢያ የሚገሰግሰው ሞተረኛ ነው። ስለ ጭንቅላቱ ብዙ ተነግሯል። ሄልሜት አድርግ ተብሎ ተመክሯል፤ ሳያደርግ ሲገኝም ተቀጥቷል፤ ተገቢም ነው። ዓይኑ ግን ተረስቷል። ከጠዋት እስከ ማታ ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከአቧራ ጋር ፊት ለፊት ተጋፍጦ የሚውለው ዓይኑ ነው። ጉድጓዱን የሚያየው፣ ከታክሲ ጀርባ ድንገት ብቅ ያለውን ሕፃን የሚያየው ዓይኑ ነው። ዓይን ከከዳ ፍሬንም፣ ጎማም፣ የዓመታት ልምድም አያድንም።

የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሞተረኛን ዓይን ከፀሐይ መጠበቅ ለእያንዳንዱ ሞተረኛ ኪስ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የጋራ ሥራ ነው። ተባብረን ከተነሣን ደግሞ በአንድ በጋ ውስጥ ልናስተካክለው የምንችለው ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት ወይም አዲስ ፈጠራ ሳይሆን መስማማት ነው።

በመጀመሪያ ፀሐያችንን እንወቃት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ደሴ ትበልጣታለች፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ከላይ ያለው አየር ይሳሳል፤ አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየበረታ ይሄዳል። በዚህ ላይ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማለቂያ ግድም አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በቀትር ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። የጨረሩን ብርታት የሚያሳይ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። መለኪያው 3 ላይ ሲደርስ ራሳችሁን ተከላከሉ ይባላል፤ 8 ሲደርስ በጣም ከፍተኛ፣ 11 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ የመጨረሻው የአደጋ እርከን ነው። በደጋ ከተሞቻችን ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ 11ን ማለፍ የተለመደ ነው።

ብዙዎቻችንን የሚያዘናጋን ብርዱ ነው። የደጋ ሞተረኛ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጓንት አጥልቆ ሲነዳ ፀሐይ የምትጎዳው አይመስለውም። ቆዳው የሚነግረው ስለ ሙቀት ነው፤ ዓይንን የሚጎዳው ጨረር ግን ሙቀት የለውም፣ አይሰማም። ነፋሻማው የኅዳርና የታኅሣሥ አየር ፊታችንን ሲያቀዘቅዘው ጨረሩ ሥራውን አላቆመም። ደመናም ሙሉ መከታ አይሆንም፤ ሳሳ ያለ ደመና ከሆነ እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው ጨረር ሊያልፈው ይችላል።

ሞተረኛ በቀን ከሁለት ዓይነት ፀሐይ ጋር ይታገላል። አንደኛዋ የቀትሯ ናት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ጨረሯ ይበረታል፤ ጉዳቷ ግን ዛሬ አይታይም፣ በዓመታት ይጠራቀማል። ሁለተኛዋ የጠዋትና የማታዋ ናት። በጨረር ደከም ያለች ብትሆንም ዝቅ ብላ፣ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ይህችኛዋ ዓመት አትጠብቅም፤ በቅጽበት ትጥላለች።

ከሁለተኛዋ እንጀምር። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መስመር ከተማዋን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያቋርጣል። ቤቱ በጦር ኃይሎች በኩል የሆነ ሞተረኛ ጠዋት ወደ መሀል ከተማ ሲመጣ ፀሐይ ፊቱ ላይ ናት፤ ማታ ሲመለስም ፀሐይ ፊቱ ላይ ናት። በሥራ ቀን ሁሉ ሁለት ጊዜ ይታወራል ማለት ነው። ቤቱ በአያት በኩል የሆነው ሞተረኛ ጠዋትም ማታም ፀሐይን ከጀርባው ያደርጋልና ዕድለኛ ይመስላል። ነገር ግን ፊት ለፊቱ የሚመጣው ሹፌር ወደ ፀሐይ ነው የሚያየው። በዚያ ሰዓት ሞተረኛው መንገዱን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ሌላው ሰው ግን እሱን አያየውም። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ጥላችሁ ረዝሞ ከፊታችሁ ሲወድቅ ከወዲያ የሚመጣው ሹፌር እናንተን ለማየት እየተቸገረ መሆኑን ዕወቁ፤ መብራታችሁን አብሩ፣ መታጠፊያ ላይ አየኝ ብላችሁ አትመኑ።

ቁጥሩን አስሉት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሞተር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 11 ሜትር ይጓዛል። ፀሐይ ዓይን ላይ ስትሰነቀር ተጨፍኖ፣ ተሸማቆ፣ እንደገና እስኪታይ ሁለት ሴኮንድ ቢፈጅ ሞተረኛው 22 ሜትር በጭፍኑ ሄዷል። በ22 ሜትር ውስጥ የእግረኛ መሻገሪያ አለ፣ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ፣ ድንገት በሩን የሚከፍት መኪና አለ።

ነጸብራቁን የሚያባብሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሳችን የሄልሜት መስታወት ነው። ሞተር ከሚቆምበት ቦታ ሂዱና አንዱን ሄልሜት አንሡ፤ መስታወቱን ወደ ፀሐይ አቅንታችሁ ተመልከቱት። ጥላ ውስጥ ሳለ ንጹሕ ይመስል የነበረው መስታወት ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ጭረቶች ይወጣሉ፤ ፀሐይዋን ከበው እንደ ሸረሪት ድር ያበራሉ። ጭረቶቹን የፈጠረው አቧራ የጠገበውን መስታወት በደረቅ ጨርቅ ወይም በእጅጌ ማበስ ነው። አቧራ ድንጋይ ነው፤ ስናሸው ፕላስቲኩን ይፍቃል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ጭረት ብርሃኑን እየበተነች ወደ ዓይን ትረጫለች። ሞተረኛውም አላሳይ ሲለው መስታወቱን ወደ ላይ ያነሣዋል። እንዲህ እያልን ነው ዓይናችንን ራቁቱን ያስቀረነው።

አሁን ወደ ቀትሯ ፀሐይ እንምጣ። የዓይን ሐኪሞች ከነጩ የዓይን ክፍል ተነሥታ ወደ ጥቁሩ የምትሳብ ቀላ ያለች ሥጋ ያሳዩናል። መጀመሪያ ላይ መቆርቆርና መቅላት ብቻ ነች። እያደገች ስትሄድ ዕይታን ታዛባለች፣ ብሌኑን ከሸፈነችም ታግዳለች። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፤ ተቆርጣም ልትመለስ ትችላለች። ሜዳ ላይ በሚውሉ ሰዎች ዘንድ የምትበዛው በአልትራቫዮሌት ጨረር ምክንያት ነው፤ ነፋስና አቧራም ያባብሷታል። ሦስቱንም በአንድ ላይ የሚጋፈጥ ሠራተኛ ማን ነው? ሞተረኛ ነው።

ይህች ሥጋ በአብዛኛው የምትበቅለው በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ዳር ነው። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ሚናስ ኮሮኒዮ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ከጆሮ ግንድ በኩል በጎን የሚገባው ብርሃን ጥምዝ በሆነው የዓይን ፊት ተሰብስቦ በወዲያኛው፣ በአፍንጫ በኩል ባለው ዳር ላይ እንደሚያርፍ አሳይተዋል። ለሞተረኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ከፊት ብቻ የሚሸፍን ጠፍጣፋና ጠባብ መነጽር ዋናውን በር ክፍት ትቶታል ማለት ነው። የሚያስፈልገው ጎንንም የሚሸፍን፣ ፊትን አቅፎ የሚይዝ መነጽር ነው።

ሌላው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ዋናው መንሥኤው ዕድሜ ነው፤ ፀሐይ ግን ታፋጥነዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሞራ ግርዶሽ ምክንያት ዓይነ ስውር ከሆኑት 15 ሚሊዮን ያህል የዓለም ሰዎች መካከል 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ የጨረሩ እጅ ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ መሆኑን አረጋግጧል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ለዚህ ግን ሐኪም፣ ወረፋ፣ የመጓጓዣ ገንዘብና ከሥራ የሚቀሩበት ጊዜ ይጠይቃል። በቀን ገቢ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አሁን ነው።

ታዲያ መከላከያው ምንድን ነው? ደስ የሚለው ነገር የመጀመሪያው መከላከያ በብዙዎቻችን እጅ መኖሩ ነው። ደህና የሄልሜት መስታወት የሚሠራው ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ይህ ፕላስቲክ ደግሞ ያለ ምንም ቀለም፣ ንጹሕና ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ያስቀራል። ነፋሱን፣ አቧራውንና ትንኙንም ያስቀራል። ስለዚህ ያልተጫረ ግልጽ መስታወት ወርዶ ሲነዳ የጉዳቱ ዋናው ክፍል ቆሟል። መስታወት የሌለውን ግማሽ ሄልሜት አድርጎ በስኩተር የሚሄድ ሰው ግን ይህ ሁሉ ቀርቶበታል።

ሁለተኛው መነጽር ነው። መነጽር ሲመረጥ ጥቁረቱ አያታልለን። ጥቁረት የሚታየውን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ጨረሩን ለመከልከሉ ማረጋገጫ አይደለም። እንዲያውም ጨረር የማይከለክል ጥቁር መነጽር ከባዶ ዓይን ሊብስ ይችላል፤ ብሌኑ በጨለማው ተታልሎ ይሰፋና ለጨረሩ ተጨማሪ በር ይከፍታል። የሚፈለገው እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ጨረር የሚያስቀር፣ ዩቪ 400 የሚባለው ሌንስ ነው። ተለጣፊው ወረቀት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ወረቀት ማንም ያትመዋል። አንዳንድ የመነጽር ቤቶች ሌንስ የሚለኩበት ትንሽ መሣሪያ አላቸው፤ መነጽሩን ሥሩ ሲያስገቡት ምን ያህል ጨረር እንደሚያልፍ ይናገራል። የደቂቃ ሥራ ነው።

በጥቁረት ደረጃ መነጽሮች ከ0 እስከ 4 ይመደባሉ። ለቀን ፀሐይ 2 ወይም 3 ይበቃል። 4 ቁጥር ከብርሃኑ ከ8 በመቶ በላይ ስለማያሳልፍ ለመንዳት የተከለከለ ነው። ግራጫና ቡናማ ሌንስ የመብራት ቀለሞችን ብዙም አይቀይርም፤ ቀዩን ከአረንጓዴው በጥርት መለየታችሁን ሳትፈትሹ አትግዙ። መነጽሩን በተዘረጋ እጃችሁ ይዛችሁ በሌንሱ ውስጥ የበር ጠርዝ ተመልከቱ፤ መነጽሩን ስታንቀሳቅሱ ጠርዙ ከተጣመመ ወይም ከተወላገደ መልሱት። ፖላራይዝድ የሚባለው ሌንስ ከአስፋልትና ከመኪና መስታወት የሚመለሰውን ነጸብራቅ ይቆርጣል፤ ለሞተረኛ ይጠቅማል፤ የስልክ ስክሪንን ግን በአንዳንድ አቅጣጫ ሊያጨልም ይችላልና አድራሻ በስልክ የምትከተሉ አስቀድማችሁ ሞክሩት። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ድልድይ ሥር ወይም መተላለፊያ ዋሻ ውስጥ ስትገቡ ጥቁሩ ነገር ከዓይን ይነሣ። ጠቆር ያለ የሄልሜት መስታወት ብቻ ይዞ ወጥቶ በጨለማ መመለስ ፀሐይን ሸሽቶ ሞት ላይ መውደቅ ነው።

እንግዲህ የሚነሡትን ምክንያቶች እናውቃቸዋለን። «ፀሐዩን ለምደነዋል» ይባላል። ዓይን ፀሐይ አይለምድም፤ የምንለምደው መጨፈንን ነው፤ የተጨፈነ ዓይን ደግሞ መንገድ አያይም። «መነጽር የጉራ ነው» ይባላል። በያጁ ያለ መከላከያ ሲበይድ ያየነው እንደሆነ እንቆጣለን እንጂ ጭንብል ሲያደርግ ጉረኛ አንለውም። የሞተረኛ መነጽርም የሥራ ዕቃ ነው። «መስታወቱ ያፍነኛል» ይባላል። ቆመው ሲጠብቁ ይነሣ፣ ሲነዱ ይውረድ፤ የአየር ማስገቢያው ይከፈት። «መነጽሩ ሄልሜት ውስጥ ጆሮዬን ያመኛል» ይባላል። ክንዱ ቀጭንና ቀጥ ያለ ይመረጥ፤ ሄልሜቱ ከተጠለቀ በኋላ በፊት በኩል ይግባ። የቀረው ምክንያት አንድ ነው፤ ገንዘብ። እሱ እውነተኛ ምክንያት ነው። ይህ ጥሪ የጋራ የሆነውም ስለ እሱ ነው።

ሞተረኞች፣ ሥራው ከእናንተ ይጀምራል። በየተራችሁ፣ በየማቆሚያችሁ፣ በየማኅበራችሁ የዓይን ዕቁብ አቋቁሙ። ዕቁብን ማንም አያስተምራችሁም፤ ዳኛና ጸሐፊ ምረጡ፣ በሳምንት የምትችሉትን ወስኑ፣ ዕጣ አውጡ። ልዩነቱ ዕጣው የሚወጣለት ሰው በገንዘቡ ፈንታ የተለካ መነጽር ወይም አዲስ የሄልሜት መስታወት መቀበሉ ነው። አንድ አንድ እየገዛችሁ ከመክሰር በብዛት ከአስመጪ ግዙ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ናሙናውን መነጽር ቤት ወስዳችሁ አስለኩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በማቆሚያችሁ ጀሪካን ውኃ፣ ቁራጭ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ አኑሩ። መስታወት በውኃ ይለቅለቅ፣ ሳይፈተግ ይድረቅ፤ በእጅጌ ማበስ በመካከላችሁ ነውር ይሁን። የሞተሩ መቆሚያ ሳይታጠፍ የሚነዳ ሰው ስታዩ ባታውቁትም እንኳ ጮኻችሁ ትነግሩታላችሁ። መስታወቱን አንሥቶ የሚነዳውንም እንዲሁ «መስታወትህን!» በሉት። እርስ በርስ መጠባበቅን ታውቁበታላችሁ፤ ዓይንን ጨምሩበት። ዓይናችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ሲገባም አትሹት፤ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ ካልወጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዓይን በቀላ ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠብታ ገዝቶ መጨመር ይቅር፤ ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ራሳቸው ዓይን ያጠፋሉ።

ሞተረኛ የምታሠሩ ድርጅቶች፣ ሞተረኛው ያለ ዓይኑ ዕቃችሁን አያደርስም። ሥራ ስታስጀምሩ ጃኬትና ሻንጣ እንደምትሰጡ ሁሉ ፊትን የሚሸፍን ሄልሜት፣ ግልጽ መስታወትና የተለካ መነጽር ስጡ፤ ከደመወዙም አትቁረጡ። መስታወት ሲጫር የሚተካበት መለዋወጫ ቢሮ ውስጥ ይኑር። ፀሐይ ከፊት በምትሆንባቸው ሰዓታት ዝግ ብሎ የነዳን፣ ጥግ ይዞ ዓይኑን ያሳረፈን ሠራተኛ በደቂቃ መዘግየት አትቅጡት። ደንበኞችም ይህን ተረዱ፤ ምሳችሁ አምስት ደቂቃ ቢዘገይ የሚጎዳ ነገር የለም።

መነጽር የምትሸጡ ወገኖች፣ የምትሸጡት ጌጥ ብቻ አይደለም። ጨረር የማይከለክለውን ይከለክላል ብሎ መሸጥ የሰው ዓይን መሸጥ ነው። ያልተለካውን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ገዢው ሲጠይቅ እውነቱን ንገሩት። የመለኪያ መሣሪያ ያላችሁ መነጽር ቤቶች በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ለሞተረኞች በነጻ ለኩ። የሚያስወጣችሁ ወጪ የለም፤ የምታተርፉት ግን እምነት ነው፣ ደንበኛም ነው።

የዓይን ሐኪሞችና ነርሶች፣ በምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በየክልሉ ባሉ የዓይን ክፍሎች የምትሠሩ ሁሉ፣ ወደ ሞተር ማቆሚያዎቹ ውረዱ። ሞተረኛ ቀኑን አቃጥሎ ሆስፒታል አይሰለፍም፤ እናንተ ሰሌዳችሁንና ባትሪያችሁን ይዛችሁ ብትወጡ ግን በአንድ ጠዋት ብዙ ዓይን ታያላችሁ። የዓለም የዕይታ ቀን በየዓመቱ በኦክቶበር ሁለተኛው ሐሙስ፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም ማለቂያ ወይም በጥቅምት መባቻ ይውላል። ክረምቱ ወጥቶ የበጋው ፀሐይ የሚበረታበት ወቅት ነውና ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ያንን ሐሙስ የሞተረኛ ዓይን የሚመረመርበት ቀን እናድርገው።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች ስለ ነጸብራቅ፣ ስለ መስታወት አያያዝና ስለ ሌንስ ደረጃ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡ። ትራፊክ ፖሊሶች ሄልሜት መኖሩን ስታዩ መስታወቱንም እዩ፤ የተጫረ ካገኛችሁ መጀመሪያ ምከሩ። አውስትራሊያ ለፀሐይ መነጽር ብሔራዊ ደረጃ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1981 ልብስ ልበሱ፣ ቅባት ተቀቡ፣ ኮፍያ አድርጉ ብሎ የጀመረው ሕዝባዊ ዘመቻ በ2007 ጥላ ፈልጉንና መነጽር አድርጉን ጨምሮ ዛሬም ቀጥሏል። አንድ ሕዝብ ከፀሐይ ጋር ያለውን ልማድ ተነጋግሮ መለወጥ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው። እኛም ወደ አገር የሚገባው መነጽርና የሄልሜት መስታወት የሚለካበት ደረጃ እንዲኖርና በገበያም እንዲፈተሽ እንጠይቃለን። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ከሙቀትና ከዝናብ ትንበያው ጎን የዕለቱን የጨረር መጠን ይንገረን። ሬዲዮ ጣቢያዎች ከጠዋቱ ዜና በኋላ «ዛሬ ጨረሩ 11 ነው፣ መነጽር ያዙ» ብትሉ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥባችሁም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞተረኞች ግን ይሰሟችኋል።

የመኪና አሽከርካሪዎች፣ ፀሐይ ፊታችሁ ላይ ስትሆን የፊት መስታወታችሁ ንጹሕ ይሁን፤ ፍጥነት ቀንሱ፤ ወደ ግራ ከመታጠፋችሁ በፊት «ከብርሃኑ ውስጥ ሞተር ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ሁለት ጊዜ ተመልከቱ። ባጃጅ የምትነዱም ከፊታችሁ ያለው ፕላስቲክ ሲደበዝዝ ቀይሩት፤ የሞተረኛው ችግር የእናንተም ነው።

አይቻልም የሚለንን አንስማ። ዕድር አቋቁመን ሬሳችንን በክብር እንሸኛለን፤ ዕቁብ ጥለን ቤት እንሠራለን፣ ሞተሩንም ብዙዎቻችን የገዛነው በዕቁብ ነው። ሞተሩን የገዛ ኅብረት መነጽሩን አይገዛም ማለት አይቻልም። የሚቀረን መጀመር ነው።

ስለዚህ ቀጠሮ እንያዝ። በመጪው እሑድ እያንዳንዱ የሞተር ተራ ይሰብሰብ። ሦስት ነገር ወስናችሁ ተነሡ፤ የዓይን ዕቁቡ ዳኛ ማን እንደሆነ፣ ናሙናውን መነጽር ለማስለካት የሚሄደው ማን እንደሆነ፣ በአቅራቢያችሁ ካለው የዓይን ክፍል ጋር ስለ ዕይታ ቀኑ የሚነጋገረው ማን እንደሆነ። ድርጅቶች በዚሁ ሳምንት የሠራተኞቻችሁን ሄልሜት አሰልፋችሁ ወደ ፀሐይ ይዛችሁ ፈትሹ፤ የተጫረውን በሙሉ ቀይሩ። እናንተ ሞተረኞች ደግሞ እሑድን ሳትጠብቁ፣ ነገ ጠዋት ሞተራችሁን ከማስነሣታችሁ በፊት መስታወቱን እጠቡት፣ አውርዱት፣ አጠገባችሁ ለቆመውም «አውርደው» በሉት። ከዚያ ሰው ይጀምራል፤ ተራውን ያዳርሳል፤ ከተማውን ያዳርሳል። ዓይናችንን በእጃችን እንጠብቅ፤ ተነሡ!